አብሮ ስለ መነሣትና አብሮ ስለ መድረስ

ሁለት ሰዎች አንድን ሥራ በኅብረት ለመሥራት በተስማሙ ጊዜ ሁለት ነገር ይወለዳል። አንዱ ሥራው ነው፤ ሁለተኛው ቃላቸው ነው። ሥራው ለሁሉ ይታያል፤ ቃሉ ግን ከሁለቱ በቀር ሌላ ምስክር የለውም። ስለዚህ ሥራውን ፈጽሞ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በአደባባይ እየተመሰገነ በወዳጁ ልብ ውስጥ ይወቀሳል። ለቃሉ ሲል ሥራውን ያጐደለ ሰው ደግሞ ከአደባባይ ምስጋና ባያገኝም፣ በወዳጁ ልብ ውስጥ የማይነቃነቅ ስፍራ ያገኛል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ወይስ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላልን? እዚህ ላይ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

ይህን ጥያቄ በመንግሥት ሥራ ወይም በጦር ሜዳ ምሳሌ መመርመር ይቻላል። ዳሩ ግን ወጣት ሰው በራሱ እግር የረገጠውን ምሳሌ ይበልጥ ስለሚያስተውል፣ ነገሩን ከሩጫ እንጀምረው። ሩጫ ለአገራችን ልጅ እንግዳ አይደለም። በዚያውም ላይ ሰው በሮጠ ጊዜ ጠባዩን ሊደብቅ አይችልም። በንግግር የሚያምር ሰው ብዙ ነው፤ ትንፋሽ ባጠረ ጊዜ ግን ንግግር ይቀርና ጠባይ ብቻ ይተርፋል።

በ1994 ዓ.ም. በኅዳር ወር «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» የተባለው የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ በአዲስ አበባ ተጀመረ። አሳቡ የተጠነሰሰው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ ከተመለሰ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት የተሳታፊው ቍጥር ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ለማሸነፍ የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ጋር እየሣቁ እየዘፈኑ የሚሄዱ ናቸው። እንግዲህ ለብዙ የከተማችን ወጣት የመጀመሪያው የጎዳና ሩጫ ብቻውን የሚሮጠው አይደለም፤ ከጓደኛው ጋር የሚሮጠው ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት የመካኒሳ ልጆች እናስብ። መካኒሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለ ሰፈር ነው። ከሁለቱ አንደኛው ተማሪ ነው እንበል፤ ሁለተኛው በሱቅ ተቀጥሮ ከማለዳ እስከ ምሽት ቆሞ የሚውል ነው። አንድ ቀን «ዘንድሮ አብረን እንሩጥ» ይባባላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ፣ ከሚካኤል የቅዳሴው ድምፅ እየተሰማ፣ የታክሲ ረዳቶች መጣራት ሳይጀምሩ ተነሥተው ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ይለማመዳሉ። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ ነገር ግልጥ ይሆናል። ተማሪው አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ሲሮጥ፣ ባለ ሱቁ 7 ደቂቃ ይፈጅበታል።

እዚህ ላይ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የሁለቱ ልዩነት የትጋትና የስንፍና ልዩነት አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳር ከሚኖረው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ተወላጁ ይህን አየር ቢለምደውም፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆም የዋለ እግር፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ዐይን፣ በቂ ምግብ ያላገኘ ሆድ ዳገት ላይ ሒሳቡን ይጠይቃል። ስለዚህ ፈጣን የሆነ ሰው ዝግተኛውን ከመናቁ በፊት ከየት እንደ ተነሣ ይመልከት። በአንድ መስመር ላይ አብረው የቆሙ ሁሉ ከአንድ ቦታ የተነሡ አይደሉምና።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ በ60 ደቂቃ፣ ሌላው በ70 ደቂቃ ይደርሳል። እንግዲህ በሁለቱ ወዳጆች መካከል ያለው ልዩነት 10 ደቂቃ ነው። ፈጣኑ ቢጠብቅ 10 ደቂቃ ያጣል፤ ባይጠብቅ ጓደኛውን በመንገድ ላይ ይተወዋል። ነገሩ በሰዓት ሲለካ ትንሽ ነው። በቃል ሲለካ ግን ትንሽ አይደለም፤ «አብረን እንሩጥ» ተባብለው ነበርና።

አንዳንድ ሰው «ይህ ጨዋታ ነው፤ በጨዋታ ላይ ምን ግብረ ገብ ይፈለጋል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ሰው በታላቅ ነገር ላይ የሚያሳየውን ጠባይ የሚማረው በትንሽ ነገር ላይ ነው። በ10 ደቂቃ ወዳጁን የለወጠ ሰው በ10 ሺህ ብር ሊለውጠው ልምምዱን ጀምሯል። የቁርጥ ቀን ወዳጅ በቁርጥ ቀን አይሠራም፤ ቁርጥ ባልሆነው ቀን ተሠርቶ ይቆያል።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «እውነተኛ ወዳጅ ምን ጊዜም ጓደኛውን አይቀድምም» ይላል። ይህም አነጋገር ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የሆነውን እናስታውስ። አበበ ቢቂላ በሮም፣ በጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል፤ ከአራት ዓመት በኋላም በቶኪዮ ድሉን ደግሟል። በሜክሲኮ ግን እግሩን አሞት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ ለማቋረጥ ተገደደ። በዚያው ሩጫ ላይ የክብር ዘበኛ ጓዱ ማሞ ወልዴ ነበረ። ማሞ ወደ ፊት ሄደ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድም አሸነፈ። ማሞ በወዳጅነት ሰበብ ከአበበ ጋር ቆሞ ቢሆን ኖሮ ፍቅሩ ይበልጥ ነበርን? አይበልጥም። የአበበ ሕመም በማሞ መቆም አይድንም ነበር፤ ሁለቱን የላከቻቸው አገርም ሁለት ሐዘን በተቀበለች ነበር። እዚያ ላይ መቅደም ጓደኛን መተው አልነበረም፤ ጓደኛው የጀመረውን ሥራ ተቀብሎ መፈጸም ነበር።

እንግዲህ መጠበቅ ሁልጊዜ መልካም፣ መቅደምም ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አይቻልም። መልካምና ክፉውን የሚለየው ነገር ምንድን ነው? በእኔ አሳብ ሦስት ነገር መመዘን ያስፈልጋል። አንደኛው የተሰጠው ቃል ነው። ሁለተኛው ጓደኛው የገጠመው ነገር ነው፤ ድካም ነው ወይስ አደጋ? ሦስተኛው በመጠበቅ የሚጠፋው ነገር የማን እንደ ሆነ ነው። ከራሴ ኪስ የሚወጣውን ልሰጥ እችላለሁ፤ ከሌላ ሰው ኪስ የሚወጣውን ግን እንደ ራሴ ገንዘብ መለገሥ አልችልም። ማሞ የተሸከመው የራሱን ብቻ አልነበረም። የመካኒሳው ተማሪ የሚያጣው 10 ደቂቃ ግን የራሱ ነው፤ ስለዚህ ሊሰጠው ሙሉ ሥልጣን አለው።

በሁለተኛው ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ። ጓደኛ ከደከመ ነገሩ በቃልና በፈቃድ ይመዘናል። ጓደኛ ደረቱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ወይም ንግግሩ ከተሳሰረ ግን ሚዛኑ ሁሉ ይቀራል። እዚያ ላይ ሩጫ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውን ማዳን ብቻ አለ። በዚህ ጊዜ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ስሙን የማያውቀው ሰው ስንኳ ሊቆም ግዴታው ነው።

ስለዚህ ነገር አንድ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ አለ። በጳጉሜ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ፓራሊምፒክ ኤሌና ኮንጎስት የተባለች የስፔን ሯጭ ማራቶን ትሮጥ ነበር። ዐይኗ በደንብ ስለማያይ ከመሪዋ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዛ ነበር የምትሮጠው። ሦስተኛ ሆና ልትገባ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት መሪዋ ጡንቻው ተሸማቆበት ሊወድቅ ሆነ። እርሷም ልትደግፈው ገመዱን ለአንድ አፍታ ለቀቀች። ሕጉ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ገመዱ እንዳይለቀቅ ያዛልና፣ ዳኞች ውጤቷን ሰረዙት፤ ከበስተኋላዋ የነበረችውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድማት ሳለ በዚያን ጊዜ ሜዳልያውን አጣች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ማን ተሳሳተ? ሕጉ ያለ ምክንያት አልተሠራም። ገመዱ በፈቃድ የሚለቀቅ ቢሆን ኖሮ ውድድሩ መልክ ያጣ ነበር። ሴትዮዋም አልተሳሳተችም፤ ሰው ሊወድቅ ሲል እጅ ከአሳብ ይቀድማልና። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ትክክል የሆኑ ነገሮች ይጋጫሉ፤ አንዱን የመረጠ ሰው የሌላውን ዕዳ ይከፍላል። ምሕረት ያደረገ ሰው «ምሕረት ስላደረግሁ ሽልማቴ ይመለስልኝ» ብሎ ሕግን ቢለምን አያስነውረውም፤ ነገር ግን ምሕረት ሲያደርግ ዋጋውን ሳይቈጥር ማድረጉ ነው ምሕረቱን ምሕረት የሚያሰኘው። ዋጋው እንደሚመለስለት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያበድራል እንጂ አይሰጥም።

በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጌቴ የተባለች ማየት የተሳናት ኢትዮጵያዊት በ1,500 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። እርሷም ከመሪዋ ጋር ተያይዛ ነበር የሮጠችው። የመሪን ሥራ ልብ ብለን እንመልከት። መሪ ከሚመራው ሰው የፈጠነ ካልሆነ ሊመራ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ከሚመራው ሰው ቀድሞ መስመሩን እንዳያልፍ ሕጉ ይከለክለዋል። ታዲያ የተረፈው ጕልበቱ ባክኖ ቀረ ማለት ነውን? አይደለም። የተረፈው ጕልበት ለሌላው ሰው ዐይን ሆነ። ከጓደኛው ጋር ሲል እርምጃውን ያሳጠረ ሰው የከሰረ የሚመስለው ለሚቸኵል ዐይን ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ፈጣኑ ነው። ስለ ወዳጅነት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የብርቱውን ግዴታ ያትታሉ፤ የደካማውን ግዴታ ግን ይረሱታል። ይህ ግን ደካማውን ማክበር አይደለም። ግዴታ የሌለበት ሰው እንደ ሕፃን የሚታይ ሰው ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁ ወጣት በበኩሉ ምን አለበት?

በመጀመሪያ እውነቱን በጊዜው መናገር አለበት። ብዙ አዲስ ሯጭ የሚጎዳው በእግሩ ድክመት አይደለም፤ በእፍረቱ ነው። የመነሻው ምልክት ሲሰጥ፣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ሲንቀሳቀስ፣ ጓደኛውም ሲፈጥን፣ እርሱ ከዐቅሙ በላይ ይሮጣል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ጨርሶ በሦስተኛው ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል። ልምድ ያላቸው ሯጮች ለጀማሪ የሚሰጡት መለኪያ ቀላል ነው፤ እየሮጥህ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻልህ ከመጠን በላይ ፈጥነሃል ይላሉ። ይህ መለኪያ ለሳንባ የተነገረ ቢሆንም ለወዳጅነትም ይሠራል። ከወዳጅህ ጋር ስትሆን እውነቱን መናገር ካልቻልህ፣ በዚያ ወዳጅነት ውስጥ ከዐቅምህ በላይ እየሮጥህ ነው።

ሁለተኛም ጓደኛውን በልመናና በኵርፊያ ማሰር የለበትም። በአፉ «ሂድ፣ አትጠብቀኝ» ብሎ በልቡ «ይሄድ እንደ ሆነ አያለሁ» የሚል ሰው ጓደኛውን እየፈተነ ነው እንጂ እየለቀቀው አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ጓደኛው ቢሄድ ይቀየማል፤ ቢቆይም አያመሰግንም። «ሂድ» የሚለው ቃል ከልብ ሲወጣ ግን ደካማ ሰው ሊሰጥ ከሚችለው ስጦታ ሁሉ ይበልጣል። ሯጭ ጓደኛውን በጕልበቱ መርዳት ባይችል፣ በመፍቀዱ ሊረዳው ይችላልና።

ፈጣኑም በበኩሉ ከአንድ ስውር ስሕተት መጠንቀቅ ይገባዋል። ጓደኛው እንዳያፍር ብሎ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ የሚል ሰው አለ፤ ሳይደክመው «ደከመኝ» የሚልም አለ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ጓደኛውን ከእፍረት ሲያድን ከእውነት ያርቀዋል። እንዲህ የተደረገለት ሰው አንድ ቀን ነገሩን ባወቀ ጊዜ የሚያፍረው በእጥፍ ነው፤ አንድም በዝግታው፣ አንድም በመታለሉ። ከዚህ ይልቅ ፊት ለፊት «እኔ የመጣሁት ካንተ ጋር ለመድረስ ነው፤ ሰዓቱን ሌላ ጊዜ እፈልገዋለሁ» ማለት ይሻላል። ይህ ንግግር ጓደኛን አያሳንሰውም፤ የተመረጠ መሆኑን ያሳውቀዋል እንጂ።

የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎታል፤ አንዱ ለጥቅም፣ ሁለተኛው ለደስታ፣ ሦስተኛው ለወዳጁ ለራሱ መልካምነት ሲባል የሚደረግ ነው። ለጥቅም የሚሮጥ ሰው ጓደኛውን የሚፈልገው ማለዳ እንዲቀሰቅሰው ነው። ለደስታ የሚሮጥ ሰው ጨዋታ እስካለ ድረስ አብሮ ይቆያል፤ ዳገቱ ሲመጣና ጨዋታው ሲቆም ይለያል። ሦስተኛው ግን ጓደኛው ከትናንቱ የተሻለ ሰው እንዲሆን ይመኛል። እንዲህ ያለው ወዳጅ ቢቀድምም ቢዘገይም ወዳጅ ነው፤ ቢቀድም ያነቃቃል፤ ቢዘገይ ያበረታታል።

ቀድሞ ማነቃቃት እንደሚቻል ለማወቅ የሲድኒውን 10 ሺህ ሜትር ማሰብ ይበቃል። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ኃይሌ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከአንድ ሴኮንድ መቶ እጅ በዘጠኙ ብቻ ነበር። ቴርጋት ባይኖር ኃይሌ ያን ያህል ይሮጥ ነበርን? «ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይላል ያገራችን ተረት። ይህ አነጋገር ምጸት ነው፤ ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው ባይኖር የሚያሳድገውም የለውምና።

ወደ ኋላ ተመልሶ ማበረታታትም እንዳለ የደራርቱ ቱሉ ታሪክ ይመሰክራል። በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈች በኋላ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2002 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ ማራቶን እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን ታምማ ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ እንዳበረታታቻት ይነገራል። ራድክሊፍ መከተል ባልቻለች ጊዜ ግን ደራርቱ ሄደች፤ አሸነፈችም። እዚህ ላይ መጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልሱን ያገኛል። ቃልና ሥራ የሚታረቁት ሰው ለወዳጁ የሚችለውን ሁሉ ሳይሰስት አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ የራሱን መንገድ ያለ ጸጸት በሄደ ጊዜ ነው።

እንግዲህ እናንት ወጣቶች፣ ከወዳጆቻችሁ ጋር ለሩጫም ሆነ ለትምህርት፣ ለንግድም ሆነ ለትዳር በተነሣችሁ ጊዜ፣ ከመነሻው መስመር በፊት ተነጋገሩ። «እስከ መጨረሻው አብረን ነን» ማለታችሁ እንደ ሆነ ይህን ተናገሩ፤ «እስከምንችለው አብረን፣ ከዚያ በኋላ በየዐቅማችን» ማለታችሁ እንደ ሆነም ይህን ተናገሩ። ሁለቱም የተከበረ ቃል ነው። ወዳጆችን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ የተለያየ እርምጃ አይደለም፤ ሳይነገር የቀረ ቃል ነው። አንዱ እስከ መጨረሻው መስሎት ሲነሣ፣ ሌላው እስከ ዳገቱ መስሎት ይነሣል፤ ዳገቱም ሲደርስ አንዱ የከዳ፣ ሌላው የተከዳ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሁለቱም ያልተነጋገሩ ናቸው።

ቃላችሁን ካወቃችሁ በኋላ ጠብቁት። ብርቱ የሆናችሁ ጕልበታችሁ ከራሳችሁ ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ። የደከማችሁ ድካማችሁን አትደብቁ፤ ሰንሰለትም አታድርጉት። የሯጭ ሰዓት በዓመቱ ይሻሻላል፤ ካናቴራውም ይነትባል፤ ከሩጫው በኋላ ጓደኛው ስሙን ሲጠራ በድምፁ ውስጥ የሚሰማው ነገር ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።